ምዕራፍ ስድስት፦ ሁለት ያልታዩ ፕላኔቶች

ሴፕቴምበር 23 ቀን 1846 በርሊን ወደሚገኘው የከዋክብት መመልከቻ ከፓሪስ አንድ ደብዳቤ ደረሰ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ወሮችና ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ለምን ይህን መናገር እንዳስፈለገኝ ወደ መጨረሻው ግድም ይታያል።) ላኪው ኡርባን ለቬርዬ የተባለ ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ነው፤ ተቀባዩ ዮሃን ጋለ። መልእክቱ ባጭሩ፣ ቴሌስኮፕህን ወደዚህ የሰማይ ክፍል ብታዞር እስከ ዛሬ ማንም ያላወቃት ፕላኔት ታገኛለህ የሚል ነበር። ለቬርዬ ፕላኔቷን አላያትም። ወረቀትና ብዕር ይዞ አሰላ፣ አመነ፣ ጻፈ። ጋለና ረዳቱ ሃይንሪሽ ዳሬስት በዚያው ሌሊት የሰማዩን ካርታ ዘርግተው ኮከብ በኮከብ ሲያመሳክሩ ካርታው ላይ የሌለች አንዲት ነጥብ አገኙ። ለቬርዬ ካመለከተው ቦታ ያላት ርቀት አንድ ዲግሪ አይሞላም። ኔፕቱን ናት።

ይኸው ሰው ከ13 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ዓይነት ስሌትና በዚያው ዓይነት እምነት፣ ሌላ ያልታየ አካል እንዳለ ተናገረ። ስም እንኳ ወጣለት፤ ቩልካን ተባለ። ቩልካን ግን የለም፤ ኖሮም አያውቅም።

በምዕራፍ ሦስት የኒውተንን የስበት ሕግ አይተናል። በምዕራፍ አምስት ደግሞ ስህተት የሌለበት ልኬት እንደሌለ ተስማምተናል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ሳንመልሰው ያለፍነው ጥያቄ ብቅ ይላል። ሕጉና ልኬቱ ሲጣሉ ማንን እንመን? ሃይማኖት የማመን፣ ሳይንስ የማረጋገጥ ጉዳይ ነው የሚለው የተለመደ አባባል እዚህ ላይ አያዛልቅም። ያቺን የበርሊን ሌሊት ያመጣት ማረጋገጫ አይደለም። ማረጋገጫው የመጣው በኋላ ነው።

ያልታዘዘችው ዩራነስ

ነገሩ የሚጀምረው በ1781 ነው። በሙያው ሙዚቀኛ የነበረው ዊሊያም ኸርሸል በእንግሊዟ ባዝ ከተማ፣ ከቤቱ ጓሮ፣ ዩራነስን አገኘ። ዩራነስ ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 84 ዓመት ይፈጅባታል። የሥነ ፈለክ ሰዎች በኒውተን ሕግ መንገዷን አስልተው ሰንጠረዥ አወጡላት። ፕላኔቷ ግን በሰንጠረዡ አልሄድ አለች። በ1840ዎቹ ልዩነቱ ወደ 2 ደቂቃ ደረሰ። ደቂቃው የሰዓት ሳይሆን የማዕዘን ነው፤ አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ ደግሞ 60 ሰከንድ ይከፈላል። ሁለት ደቂቃ ማለት የሙሉ ጨረቃን ስፋት ለ15 ብንከፍለው አንዱ ክፋይ ነው። በዓይን ብቻ ለሚያይ ሰው ምንም አይደለም፤ በሰንጠረዥ ለሚኖር ሰው ግን ቅሌት ነው።

ሦስት መንገድ ነበረ። ልኬቱ ተሳስቷል ማለት ይቻላል። ሕጉ ከፀሐይ በጣም ሲርቅ ይላላል ማለትም ይቻላል፤ ይህን በቁም ነገር ያሰቡ ታላላቅ ሰዎች ነበሩ። ሦስተኛው፣ ያላየነው አካል እየሳባት ነው ማለት ነው። ለቬርዬ ሦስተኛውን መረጠ፤ እንግሊዝ ውስጥም ጆን ካውች አዳምስ የተባለ ወጣት ስለ ለቬርዬ ሳያውቅ ለብቻው ያንኑ መንገድ ይዞ ያሰላ ነበር። ሁለቱም ፕላኔቷ ስለመኖሯ አንድም የዓይን ምስክር አልነበራቸውም።

ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር አለ። ዩራነስ እንደሳተች ያሳወቀው ራሱ እምነቱ ነው። ሕጉን በግማሽ ልብ የተቀበለ ሰው ሁለት ደቂቃን ይቅር ብሎ ያልፋል። ሕጉ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ድረስ እውነት መሆን አለበት ብሎ የያዘ ሰው ብቻ ነው በዚያች ልዩነት እንቅልፍ የሚያጣው። ጥርጣሬ የሳይንስ እናት ነው ይባላል፤ እውነት አለው። ግን አጥብቆ ያላመነ ሰው የሚጠረጥረውን አያገኝም።

እቁብተኛው ምን ይዞ ያምናል?

እቁብ የገባ ሰው ይህን ከፊዚክስ መምህር ይልቅ በቶሎ ይረዳዋል። ዕጣው መጨረሻ ላይ የሚወጣለት እቁብተኛ ስንት ጊዜ ገንዘቡን ሲጥል በእጁ የያዘው ነገር ምንድን ነው? ምንም። ቢሆንም በባዶ ሜዳ አያምንም። ዳኛውን ያውቀዋል። ጸሐፊው መዝገብ ይይዛል። ቀድሞ የወጣለት ሰው ዋስ ጠርቶ ነው ገንዘቡን የወሰደው። ያለፈውም ዙር ያለ ጭቅጭቅ አልቋል። እምነቱ ማረጋገጫ አይደለም፤ ነገ ሁሉም ሊበተን ይችላል። ግምትም አይደለም፤ ገንዘብ ተቆጥሮበታል።

የኒውተን ሕግ በ1846 ብዙ ዙር የጨረሰ እቁብ ነበረ። ኤድመንድ ሃሊ በዚህ ሕግ ተመርቶ አንድ ጅራታም ኮከብ ተመልሶ እንደሚመጣ ተናግሮ ነበር፤ ሳያየው በ1742 ሞተ። የሚመለስበት ጊዜ ሲቃረብ ክሌሮ፣ ላላንድና ኒኮል ሬን ለፖት የተባለች የሒሳብ ሴት ተቀምጠው ጁፒተርና ሳተርን ምን ያህል እንደሚያዘገዩት አሰሉ። ኮከቡ በ1758 የገና ዕለት ታየ፣ በማርች 1759 ወደ ፀሐይ እጅግ ቀረበ። ስሌታቸው የሳተው በአንድ ወር ግድም ብቻ ነው። ከ75 ዓመት የማያንስ ጉዞ ያለውን ነገር በአንድ ወር መሳት ሰዎቹን አላሳፈራቸውም፤ እንዲያውም አኮራቸው።

አንድ እቁብተኛ አንድ ሳምንት ሳይጥል ቢቀር እቁቡ አይፈርስም። መጀመሪያ ሰው ይላካል፤ ታሞ ይሆን? መንገድ ሄዶ ይሆን? ዩራነስ ያላዋጣች አባል ነበረች። ለቬርዬ ሰው ላከ፤ ምክንያቱ ተገኘ፤ ኔፕቱን ሆነ። የሕጉም ስም ከቀድሞው ይበልጥ ከፍ አለ።

ቩልካን

ለፀሐይ ከሁሉ የምትቀርበው ፕላኔት ሜርኩሪ ናት፤ የዐውደ ነገሥት አንባቢ አጣርድ ብሎ የሚያውቃት። በ88 ቀን ፀሐይን ትዞራለች። መንገዷ ክብ ሳይሆን እንደ እንቁላል የተለጠጠ ነው፤ ለፀሐይ እጅግ የምትቀርብበት ነጥብም በየዙሩ ጥቂት ጥቂት ወደፊት ይገፋል። ለቬርዬ በ1859 የሌሎቹን ፕላኔቶች ስበት ሁሉ ደምሮ ሲጨርስ ያልተከፈለ ቀሪ ሒሳብ አገኘ። ቁጥሩ በኋላ ተጣርቶ በአንድ ምዕተ ዓመት 43 ሰከንድ ሆነ። በመቶ ዓመት የጨረቃ ስፋት አንድ አርባኛ ገደማ ማለት ነው! ይህን ትንሽ ነገር ማየት መቻላቸው ራሱ ያስደንቃል።

ለቬርዬ ያደረገው አንድ አስተዋይ ሰው የሚያደርገውን ነው። ባለፈው ጊዜ ሰርቶልኛል፣ አሁንም ይሰራል አለ። በሜርኩሪና በፀሐይ መካከል ያልታየ አካል፣ ምናልባትም ብዙ ትንንሽ አካላት፣ መኖር አለባቸው። ወዲያውም ምስክር መጣ። ሌስካርቦ የተባለ የገጠር ሐኪም፣ በማርች 1859 አንዲት ጥቁር ነጥብ የፀሐይን ፊት አቋርጣ ስትሄድ አይቻለሁ ብሎ ጻፈለት። ለቬርዬ ሐኪሙ ድረስ ሄዶ እንደ መርማሪ አፋጠጠው፣ ረክቶም ተመለሰ። ሐኪሙ የክብር ሌጊዮን ኒሻን ተሸለመ። በ1878 አሜሪካ ውስጥ በታየው የፀሐይ ግርዶሽ ደግሞ ሁለት ስመ ጥር ተመልካቾች ጄምስ ዋትሰንና ሉዊስ ስዊፍት አየናት አሉ። የቀሩት ተመልካቾች ግን አንዳች አላዩም።

ለቬርዬ ይህን ግርዶሽ አልደረሰበትም። ኔፕቱን በተገኘች በ31 ዓመቷ፣ ቀን ሳይጎድል ሳይተርፍ፣ ሴፕቴምበር 23 ቀን 1877 አረፈ። እስከ መጨረሻው በሕጉ ያምን ነበር። አላዋቂ ነበር ልንለው አንችልም፤ በዩራነስ ጊዜ ያደረገውን ነው የደገመው። ቩልካንን ስንሰማ የምንስቅ ሰዎች ኔፕቱንን ያስገኘው ያው ግትርነት መሆኑን እንረሳለን።

መዝገቡ ሲሳሳት

የሳይንስ መማሪያ መጻሕፍት አንድ ጥሩ የሚመስል ትምህርት አላቸው፤ ንድፈ ሐሳብ ከልኬት ጋር ከተጋጨ ይጣላል ይላሉ። የሜርኩሪ ታሪክ ይህን አያሳይም። ከ1859 እስከ 1915፣ 56 ዓመት ሙሉ፣ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ኒውተንን አልጣለም። አንዳንዱ በፀሐይ ዙሪያ አቧራ አለ አለ። አሳፍ ሆል በ1894 ሕጉን በጥቂቱ እንነካካው አለ፤ ስበት በርቀቱ ስኩዌር ይቀንሳል በሚለው ሕግ ውስጥ አርቢውን 2 ትተን 2.00000016 ብናደርገው ሒሳቡ ይዘጋል። ቁጥሩ ሜርኩሪን አስታረቀ፤ ግን ለምን ይህ ቁጥር እንደሆነ ማንም ሊናገር አልቻለም። እንዲህ ያለው ጥገና እቁቡን ያስቀጥላል፣ ማንንም ግን አያሳምንም።

አልበርት አይንስታይን በኖቬምበር 1915 አዲሱን የስበት ንድፈ ሐሳብ ይዞ ሜርኩሪን ሲያሰላ 43 ሰከንዱ ያለ ምንም መነካካት ወጣለት። በደስታ ልቡ እንደመታበት ለወዳጆቹ ተናግሯል። ሜርኩሪ ድርሻዋን በትክክል ስትጥል ኖራለች፤ የተሳሳተው መዝገቡ ነበር። ሰዎች የቀድሞውን እምነት የለቀቁት ሲያፈስ ስላዩት ብቻ አይደለም፤ ዕዳውን በሙሉ ሊረከብ የሚችል ሌላ ስለተገኘ ነው።

አዲሱም ቢሆን ያለ እምነት አልተፈተነም። ንድፈ ሐሳቡ የከዋክብት ብርሃን ፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ 1.75 ሰከንድ ይጎብጣል ይል ነበር፤ በኒውተን ቢሰላ 0.87 ነው። ይህን ለመለካት አርተር ኤዲንግተን በሜይ 1919 ለፀሐይ ግርዶሽ ወደ ፕሪንሲፔ ደሴት ሄደ። ሌላ ቡድን ብራዚል፣ ሶብራል ከተማ ተቀመጠ። ኤዲንግተን የኩዌከር እምነት ተከታይ ነበረ፤ በጦርነቱም ጊዜ በሃይማኖቱ ምክንያት ጠብመንጃ አላነሳም ያለ ሰው ነው። ገና ከእንግሊዝ ሳይነሳ አይንስታይን እውነቱን ነው ብሎ አምኗል። የፕሪንሲፔው ልኬት 1.61 ሆነ፣ ከሶብራል አንዱ ቴሌስኮፕ 1.98፣ ሌላው 0.93። የመጨረሻው ለኒውተን የቀረበ ነው! ምስሎቹ ደብዛዛ ስለነበሩ ከግምት ውጪ አደረጉት። የሚጠላው ሰው ኤዲንግተን የፈለገውን አየ ሊል ይችላል። እኔ እንዲህ አልልም፤ ምስሎቹ በእርግጥ የደበዘዙ ነበሩ፣ በ1979 በአዲስ መሣሪያ እንደገና ሲለኩም ያ የተተወው ውጤት ወደ አይንስታይን ቁጥር ተጠግቷል። ሆኖም ከልኬቶች መካከል የትኛው ይታመን የሚለውን ልኬት ራሱ አይወስንልንም።

ይኸው ጣጣ ዛሬም ፊታችን ላይ አለ። ፍሪትዝ ዝዊኪ በ1933 የጋላክሲዎችን እንቅስቃሴ ሲመለከት፣ ቬራ ሩቢን በ1970ዎቹ ከዋክብት በጋላክሲ ዳርቻ እንዴት እንደሚዞሩ ስትለካ፣ የሚታየው ቁስ ሊያደርገው ከሚችለው በላይ ስበት አገኙ። አብዛኛው የፊዚክስ ሰው ያልታየ ቁስ አለ ብሎ ያምናል፤ ጨለማ ቁስ ይባላል፣ በዓለሙ ካለው ቁስ ከአምስት ስድስተኛው የማያንስ እንደሆነ ይሰላል። መርደካይ ሚልግሮም በ1983 የለም፣ መታረም ያለበት ሕጉ ነው አለ። ደቡብ ዳኮታ ውስጥ በቀድሞ የወርቅ ማዕድን ጉድጓድ፣ ከምድር በታች 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደው፣ 10 ቶን የሚያህል ፈሳሽ ዜኖን አጠራቅመው የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። የጨለማ ቁስ አንዲት ቅንጣት ብትነካው ብልጭ ይላል ብለው ነው። የለቬርዬ ልጆች ናቸው። የትኛውን ለቬርዬ እንደሚመስሉ ገና አልተወሰነም።

የከሳሹ ጥያቄ

ሳይንስም ያምናል ካልን፣ ሃይማኖትም ያምናል፣ እንግዲህ ሁሉም አንድ ነው የሚሉ አሉ። ሳይንሱን ዝቅ ለማድረግ የሚሉት ይኖራሉ፣ ሃይማኖቱን ከፍ ለማድረግም የሚሉት። ለሁለቱም የሚጠቅም አይመስለኝም።

መጽሐፈ ኢዮብ የሚከፈተው በአንድ ክስ ነው። ከሳሹ በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ የሚያነሳው ነገር፣ ኢዮብ የሚያመልከው ስለተከፈለው ነው የሚል ነው፤ ከብቱ፣ ልጆቹ፣ ጤናው ቢወሰድ ምን ያደርግ? ክሱን በእኛ ቋንቋ ብናስቀምጠው፣ ኢዮብ እቁብተኛ ነው ማለቱ ነው። ዕጣ ስለሚወጣለት ይጥላል፣ ካልወጣለት ያቆማል። መጽሐፉ ከዚያ በኋላ በሙሉ ይህ ክስ ውሸት መሆኑን ለማሳየት የሚደክም ነው። ኢዮብ ሁሉን አጥቶ ይጮኻል፣ ይከራከራል፣ የተወለደበትን ቀን ይረግማል፤ ከአምላኩ ጋር ያለውን ነገር ግን አያፈርስም። በቁርዓንም አዩብ የሚጠራው በትዕግሥቱ ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል። የለቬርዬ እምነት በሕግ ላይ የተጣለ ነው፤ ሕግ ደግሞ ሰው አይደለም፣ ብንተወው አይከዳም፣ አያዝንም። አማኝ የሚያምነው ሰምቶ ይመልስልኛል በሚለው አካል ላይ ነው። ወደ ዕብራውያን የተላከው መልእክት በ11ኛው ምዕራፉ እምነትን ከተስፋና ከማይታየው ነገር ጋር ሲያያይዘው፣ ምሳሌ አድርጎ የሚያነሳቸው ሰዎች ናቸው፤ አብርሃም ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ወጣ ይለናል። በእስልምናም ገይብ በሚባለው፣ ከሰው ዕውቀት በራቀው ነገር ማመን የአማኞች መለያ ነው። ለቬርዬ ጨለማ ውስጥ መጽናቱን የምናደንቀው ፕላኔቷ ስለተገኘች ነው። ኢዮብን የምናደንቀው ምንም ሳይገኝለት ገና ስለጸና ነው። በአንዱ ጽናት ከውጤቱ በኋላ ይመዘናል፣ በሌላው ጽናቱ ራሱ የሚፈለገው ነገር ነው። ከሳይንስ ሰው የኢዮብን ጽናት ብንጠይቅ ቩልካንን ለዘላለም ይፈልጋል። ከአማኝ የፊዚክስ ሰው ዓይነት ሒሳብ ብንጠይቅ ከሳሹ ትክክል ነበር ማለት ነው።

ጳጉሜ 6

ይህ ማለት ሃይማኖት ከሰማይ ስሌት ጋር ጉዳይ የለውም ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ አበቅቴና መጥቅዕ አውጥተው ፋሲካን ሲወስኑ የሚደገፉት፣ 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወሮች ጋር ይገጥማል በሚለው ጥንታዊ ዕውቀት ላይ ነው፤ ጥሩ ዕውቀት ነው፣ የሚሳሳተውም በሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የዓመቱ ርዝመት ግን ሌላ ጣጣ አለው። በየ4 ዓመቱ ያለ ማቋረጥ ጳጉሜ 6 ስለምትሆን አማካይ ዓመታችን 365 ቀን ከሩብ ነው፤ እውነተኛው የወቅቶች ዓመት ከዚያ 11 ደቂቃ ያንሳል። በ128 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሞላል። የሮማ ቤተ ክርስቲያን በ1582 ይህን አርማለች፤ እኛ አላረምንም። ለዚህ ነው እነሱ 2100ን ተራ ዓመት አድርገው ሲያልፉት፣ በእነሱ ጃንዋሪ 7 ላይ የምናገኘው ገናችን ከ2101 ጀምሮ ጃንዋሪ 8 ላይ የሚሆነው።

በሳይንስ ዓይን ይህ ያልተከፈለ ዕዳ ነው፤ ለቬርዬ ቢያየው አብዶ ነበር። ግን የዘመን አቆጣጠሩ ለምእመናኑ የገባው ቃል ከሰማይ ጋር ደቂቃ በደቂቃ እኩል እሄዳለሁ የሚል አይደለም። አብረን እንጾማለን፣ አብረን እንፈስካለን፣ አባቶቻችን እንዳደረጉት እናደርጋለን የሚል ነው። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን በ1924 የበዓላቱን አቆጣጠር ባረመች ጊዜ ሰማዩ ተስተካከለ፣ ሕዝቡ ተከፈለ፤ አሮጌውን የሙጥኝ ያሉት ዛሬም ለብቻቸው ናቸው። ማስተካከሉ ስህተት ነበር አልልም። ሒሳቡ ትክክል መሆኑ ብቻውን ግን ጉዳዩን አልዘጋውም።

በተቃራኒው ሃይማኖት የሳይንስን ግኝት ለራሱ ዋስ አድርጎ ሲጠራ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ ጉዳይ አለ። ዓለም ከአንድ እጅግ የታመቀ ጅማሬ እየሰፋ መጣ የሚለውን ሐሳብ ያቀረበው ዦርዥ ለሜትር የካቶሊክ ቄስ ነው፤ የመስፋቱን ስሌት በ1927፣ የጅማሬውን ሐሳብ በ1931 አሳተመ። አንዳንድ የፊዚክስ ሰዎች የዘፍጥረት ሽታ አለበት ብለው ተጠራጠሩት። በ1951 ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በንግግራቸው ይህ ሳይንስ ፍጥረትን የሚመሰክር አድርገው አቀረቡት። ሊደሰት የሚገባው ለሜትር ይመስላል፤ እሱ ግን አልወደደውም። የእሱ ንድፈ ሐሳብ ከሃይማኖት ጥያቄ ውጪ እንደሆነ፣ አማኙም ኢአማኙም እኩል ሊመረምሩት እንደሚችሉ ይናገር ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት እስካሁን ያየነው ይበቃል። ለሜትር በሙያው ሜርኩሪ ኒውተንን እንዴት እንደጣለችው የሚያውቅ ሰው ነው። የእሱም ንድፈ ሐሳብ አንድ ቀን መዝገቡ ሊሳሳት እንደሚችል ያውቃል፤ እንዲያ ቢሆን ደግሞ በዋስነት የተጠራበት ሃይማኖት አብሮ ዕዳ ሊገባ ነው። የዚያ ጅማሬ ቅሪት ነው የሚባለው ደካማ ጨረር መገኘቱን በ1966፣ ሊሞት ጥቂት ሲቀረው ሰማ። ክህነትን የተቀበለው ግን በ1923 ነው፤ ዓለም ይስፋ ይጥበብ ማንም በስሌት ከማወቁ በፊት።